ኮሮላዋ ውሃዋን የት ነው የምታጎድለው?

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ

መኪናዋ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1998 ኮሮላ ናት። ሞተሯ 1.6 ሊትር 4ኤ-ኤፍኢ ነው፤ ብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው አካል) ብረት፣ ቴስታታው (ከብሎኩ በላይ የሚታሠረው የሞተሩ ራስ) አልሙኒየም። ቆጣሪዋ 412 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ችግሯ የራዲያተር ውሃ ማጉደል ነው። በሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል ይጎድላል፤ ከሥሯ ግን የረባ እርጥበት አይታይም። ከተማ ውስጥ የሙቀት መለኪያው ከመሃል አይነቃነቅም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ግን ቀስቱ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቆም ሲባል የሪዘርቩ (ከራዲያተሩ የሚተርፈውን ውሃ የሚይዘው) ጠርሙስ ሲንተከተክ ይሰማል።

አንድ ጋራዥ ታይታ ነበር። ኮፈኑ ተከፈተ፣ ጠርሙሱ ታየ፣ ፍርዱም እዚያው ተሰጠ፦ «የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል፣ ይውረድ።» ጋስኬቱ በብሎኩና በቴስታታው መሃል ያለው ማሸጊያ ነው፤ ተቃጥሎም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቴስታታ ማውረድ ማለት ጋስኬት፣ ማስላጥ፣ አዲስ ብሎን፣ ዘይት መቀየርና የብዙ ሰዓት ጉልበት ነው። ምንም ነገር ሳይለካ እዚያ ድረስ መሄድ አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ራሴ በቅደም ተከተል ልፈትሽና ያየሁትን እዚህ ልጽፍ ነው፤ መጀመሪያ በዐይን፣ ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን፣ ከዚያ ግፊት፣ በመጨረሻ የቴስታታውን ጉዳይ። ምንም የማያስፈታውና ገንዘብ የማያስወጣው ይቀድማል።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ ለገና ወደ ደብረ ማርቆስ መሄድ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ እስከ ደጀን የሚያስወጣውን መንገድ ውሃ የምታጎድል መኪና ይዞ መሞከር አይታሰብም።

እዚያው ቅዳሜ፣ 3 ሰዓት ላይ

በዐይን ፍተሻ። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ስላደረ ቀዝቃዛ ነው፤ ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊትን ያቃጥላል፣ ይህን የማያውቅ ሰው ኮፈን አጠገብ መቆም የለበትም። የያዝኩት የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስተዋትና ነጭ ጨርቅ ነው።

ዘይቱ ንጹሕ ነው። የዘይት ክዳኑ ሥርም ሆነ የዘይት ዘንጉ ላይ ወተት የመሰለ ነገር የለም። ከፊት ለፊት ያለው ተሳፋሪ እግር ሥር ምንጣፉን ገልጬ ዳሰስኩ፣ ደረቅ ነው። የፊት መስተዋቱም ጭጋግ አይለብስም፣ መኪናው ውስጥ የኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚደባለቀው ፈሳሽ) ጣፋጭ ሽታ የለም። ስለዚህ የሂተሩ ራዲያተር ለጊዜው ከተጠርጣሪዎች ወጥቷል። የዋናው ራዲያተር የላይኛው ፕላስቲክ በዕድሜ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ በጥፍር ሲጫሩት ደረቅ ብሎ ይንኮሻኮሻል፣ ስንጥቅ ግን አላየሁበትም።

ያየኋቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። የታችኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ነጭና ዝገት የቀላቀለ ቅርፊት አለ። ከውሃ ፓምፑ ወደ ታች፣ በታይሚንግ ሽፋኑ ጠርዝ በኩል፣ ቀጭን የዝገት መስመር ወርዷል። እሱ አቧራና ዘይት ለብሶ ስለነበር በጨርቅ እስክጠርገው ድረስ ዘይት ነው የመሰለኝ። ሦስተኛው ክዳኑ ነው።

ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ አይደለም። ፈሳሹ ብረቱን ይዞ ይወርዳል፣ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ትኩስ ነገር ላይ ካረፈ ይተናል። መሬት ላይ ያለውን ጠብታ አይቶ ከበላዩ ያለውን ዕቃ የሚቀይር ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል፣ ውሃው ግን መጉደሉን አያቆምም። መፈለግ ያለበት ደረቁ ቅርፊት ነው፤ ከፍ ብሎ የሚጀምርበት ነጥብ ቀዳዳው ነው።

ክዳኑ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚንቀው ዕቃ ይህ ነው። አናቱ ላይ 0.9 ተጽፎበታል። ያ ቁጥር ክዳኑ ከመልቀቁ በፊት ሊይዘው የሚገባ ግፊት ነው፤ 0.9 ባር ገደማ፣ ማለትም ወደ 88 ኪሎ ፓስካል። የኔው ክዳን የታችኛው ጎማ ጠንክሮ የራዲያተሩ አፍ ቅርጽ ክብ ቦይ ሆኖ ተቀርጾበታል፤ በጣት ሲጫኑት አይመለስም። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ የመመለሻ ቫልቭም በዝገት ተጣብቃለች። ይቺ ቫልቭ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሪዘርቩ ውሃ መልሳ የምታስገባው ናት። እሷ ከተጣበቀች ወደ ጠርሙሱ የወጣው ውሃ አይመለስም፤ ወይ ይፈስሳል ወይ ይተናል፣ ራዲያተሩ ግን ባዶ እየሆነ ይሄዳል።

አሁን አዲስ አበባን እናስገባበት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች። እዚህ በክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። የዚህች ኮሮላ ፋን የሚነሳው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘና ውስጥ ያለው ተራ ውሃ ከሆነ፣ ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ይፈላል። ጤነኛ የ0.9 ክዳን ቢኖር ግን እዚሁ አዲስ አበባ የመፍላቱ ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ይርቃል፣ ኩላንት ከተጨመረበት ከዚያም ይበልጣል። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ የሞተ ክዳን ትንሽ ጥፋት ነው፤ እኛ ጋ ግን መኪናን ያፈላል። የእንጦጦው መንተክተክ ከቴስታታ በፊት በዚህ ሊገለጽ ይችላል ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ግፊት

ከሰፈራችን ራዲያተር ሠሪ ጋር ሄድኩ። ብዙ ዘመን ብየዳ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ጋሼ፣ የግፊት መሞከሪያዎን ለዛሬ ቢያውሱኝ?»

«ውሰድ ልጄ። ግን ክዳኑ ላይ ከተጻፈው በላይ እንዳትነፋ። አሮጌ ራዲያተር ነው፣ ፕላስቲኩን ትተረትረዋለህ። ደግሞ ቀዝቅዞ ሳለ ንፋው፤ ሲሞቅ ብረቱ ይሰፋና ቀዳዳውን ይደፍንብሃል።»

ሁለተኛው ምክራቸው ነው ሥራውን የቀየረው። መሞከሪያው የእጅ ፓምፕ ያለው መለኪያ ነው፤ በክዳኑ ቦታ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይታሠራል። መጀመሪያ የድሮውን ክዳን በራሱ ማገናኛ ሞከርኩት። 0.3 ላይ ለቀቀ። ለዚህ ሞተር አንድ ክዳን ቢያንስ ወደ 0.6 መያዝ አለበት፤ ከዚያ በታች የሚለቅ ይጣላል። ተጣለ።

ቀጥሎ ራዲያተሩን እስከ 0.9 ነፋሁት። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ቀስቱ ወደ 0.6 ወረደ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለሆነ ምንም ድምፅ የለም፣ ነፋስም የለም፣ የሚተን ነገርም የለም። በጸጥታ መጠበቅ ብቻ ነው። የታችኛው ማኒኮቶ አንገት ላይ የውሃ ፍሬ ተፈጠረ፣ አበጠ፣ ወደቀ። ቱቦውን የሚያጠብቀውን ቀለበት፣ ፋሸታውን፣ ፈትቼ ቱቦውን ስስበው ችግሩ ከጎማው ይልቅ ከሥሩ ሆኖ ተገኘ። የአልሙኒየሙ አንገት በዝገት ተቦርቡሯል፤ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። በዚህ ላይ ፋሸታ ማጥበቅ ብቻውን ዋጋ የለውም። አንገቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ፈተግኩት፣ ጠረግኩት። ቱቦውም ጫፉ ላይ አብጦ ስለነበር ይቀየራል።

ለጊዜው የድሮውን ቱቦ ጥቂት ገፋ አድርጌ ለስላሳው ቦታ ላይ አሠርኩና እንደገና ነፋሁ። አሁን የሚወርደው በጣም በቀስታ ነው፣ ግን ይወርዳል። ማኒኮቶው ደረቅ ነው። መስተዋቱን ከፓምፑ ሥር አስገብቼ ስጠብቅ፣ ከፓምፑ አካል በታች ካለችው ትንሽ ቀዳዳ አንድ ጠብታ ብቅ አለች። ይቺ ቀዳዳ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። የፓምፑ የውስጥ ማኅተም ሲያረጅ ውሃው ዘንጉ ወደሚዞርበት ኩሽኔታ ከመግባቱ በፊት በዚች በኩል እንዲወጣና ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ ነው። ሰዎች ሲሊኮን ሲደፍኑባት አይቻለሁ። እባካችሁ እንዳታደርጉት፤ ውሃው ኩሽኔታውን በልቶ ፓምፑን መንገድ ላይ ያስቆመዋል።

በዚህ ሞተር ላይ ፓምፑ በከፊል ከታይሚንግ ሽፋን ጀርባ ስለሚገባ ነው ከውጭ ያልታየው። ጠብታው ሽፋኑ ውስጥ ይወርዳል፣ ትኩሱ ብሎክ ያደርቀዋል፣ መሬት የሚደርሰው ጥቂት ነው። በየሳምንቱ የጠፋው ውሃ አንዱ መንገድ ይህ ነው።

መሞከሪያውን በ0.9 አድርጌ ሌሊቱን ተውኩት።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ቀስቱ እንደጠበቅኩት ወርዷል፤ ፓምፑ ሥር ያለው ጨርቅ ርሷል። የዛሬው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ቴስታታው። ሁለት የሚታዩ ማፍሰሻዎች መገኘታቸው ሦስተኛው የለም ማለት አይደለም።

አራቱንም ካንዴላ ፈታሁ። ከአራቱ አንዱ በእንፋሎት የታጠበ ይመስል ከሌሎቹ ተለይቶ ነጭ ቢሆን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ እየገባ ነው ማለት ነበር። አራቱም አንድ ዓይነት ቀላ ያለ ቡናማ ናቸው። ካንዴላዎቹ እንደወጡ ሞተሩን በሞተሪኖ አዞርኩት፤ ሌሊቱን በግፊት አድሮ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ይረጫል። ደረቅ አየር ብቻ ወጣ።

ካንዴላዎቹን መልሼ ሞተሩን አሞቅኩና የጋዝ ምርመራውን ሠራሁ። ራዲያተሩ አፍ ላይ በሚቆም ቱቦ ውስጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ይደረጋል፤ ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይቀየራል። ከመጀመሬ በፊት ከራዲያተሩ ትንሽ ውሃ ቀነስኩ፣ አለበለዚያ ውሃው ወደ ፈሳሹ ተስቦ ውጤቱን ያበላሻል። ሞተሩ ሲሠራ፣ ነዳጅ ሲጨመርለትም፣ ፈሳሹ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

ቴስታታው አይወርድም። ይህን ለመወሰን ያስፈለገው የአንድ ጠዋት ትዕግሥት ነው፤ ምርመራው ቢዋሽ እንኳን ካንዴላዎቹ፣ ዘይቱና የሌሊቱ ግፊት አንድ ላይ ሊዋሹ አይችሉም።

ሰኞ፣ ሶማሌ ተራ

የምፈልገው የውሃ ፓምፕ፣ የራዲያተር ክዳን፣ የላይና የታች ማኒኮቶ፣ ፋሸታዎች፣ ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው)፣ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ጎማ) ነው። ቺንጋው ለምን? ሽፋኑን ከፍቼ ሳየው ጠርዙ ረጥቧል። ኩላንትና ዘይት የነካው የታይሚንግ ቺንጋ አይታመንም፤ እዚያ ድረስ ከተፈታ በኋላ አሮጌውን መልሶ መግጠም የሚያስቆጭ ነው።

«ኦሪጅናል ነው» የማይባል ዕቃ ተራው ውስጥ የለም። ካርቶኑን ትቼ ዕቃውን አየሁ። ፓምፑን በእጅ ሳዞረው እኩል፣ ትንሽ ከበድ እያለ መዞር አለበት፤ የሚንቀረቀብ ወይም ልል የሆነ አይገዛም። ብሎክ ላይ የሚያርፈው ፊቱ ለጥ ያለና ጭረት የሌለው፣ ውሃውን የሚገፉት ክንፎቹ ጽዱ፣ የጎማ ቀለበቱ አብሮት ያለ መሆን አለበት። ክዳን ላይ ደግሞ ቁጥሩን አያለሁ። አንዱ ነጋዴ «1.1 ውሰድ፣ ጠንካራው እሱ ነው» አለኝ። 1.1 ለሌላ ሞተር የተሰላ ነው። ለዚህ አሮጌ ራዲያተርና የሂተር ቱቦ ጭነት ይሆናል። 0.9 ወሰድኩ።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ፍታ፣ ግጠም

ውሃውን በሰፊ ሳፋ አወረድኩ። ጥቁር ሻይ ይመስላል። ይህ የዓመታት የቧንቧ ውሃ ሥራ ነው። እኛ አገር ውሃ በረዶ አይሆንም በሚል ኩላንት እንደ ቅንጦት ይታያል። ነገር ግን ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የፓምፑን ማኅተም ያለሰልሳል፣ የመፍላትን ነጥብ ከፍ ያደርጋል። የብረት ብሎክ ያለው ሞተር በተራ ውሃ ሲሠራ ዝገቱ ከብሎኩ ተፈቅፍቆ ራዲያተሩን ይደፍናል፣ ማኅተሙንም እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ደግሞ ማዕድኑ ከግድቦቹ ውሃ የበረታ ነው፣ ማሰሮ ውስጥ ሲፈላ የሚተወውን ነጭ ነገር ያየ ሰው ራዲያተሩ ውስጥ ምን እንደሚጋገር ይገባዋል።

የወረደው ውሃ ልጆችና ውሾች በማይደርሱበት ተከድኖ ተቀምጧል። ኩላንት ካለበት ጣፋጭ ስለሚሆን እንስሳት ይልሱታል፣ ይገድላቸዋል።

የዳይናሞውን ቺንጋ አላልቼ፣ የፓምፑን ፑሊ ፈትቼ፣ የላይኛዎቹን የታይሚንግ ሽፋኖች አነሳሁ፤ የዘይት ዘንጉ ቱቦም መንገድ ስለሚዘጋ ይነሳል። ፓምፑ ወጣ። አጠገብ ለአጠገብ ከአዲሱ ጋር አስቀመጥኳቸው። የአዲሱ ክንፎች ጠርዝ ሙሉና ወፍራም ነው። የአሮጌው ክንፎች ግማሹ ተበልቷል፤ ጠርዛቸው ወረቀት እስኪያክል ሳስቷል፣ አንዱ ጫፉን ሙሉ በሙሉ አጥቷል። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዤ ስነቀንቀው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ፓምፑ ውሃ ከማፍሰሱ በላይ በሚገባ አይገፋም ነበር፤ ዳገት ላይ ለሚወጣው ሙቀት ይህም ድርሻ አለው።

ብሎኩ ላይ ፓምፑ የሚያርፍበትን ፊት በእንጨት ፋቅኩት፣ በብረት ከተፋቀ ይጫራል። አዲሱ የጎማ ቀለበት ያለ ሲሊኮን ገባ፣ ብሎኖቹም በየተራ እኩል ጠበቁ። የታይሚንግ ቺንጋው ምልክቶቹ ሁሉ ተገጣጥመው ከገባ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሬ ምልክቶቹን እንደገና አየሁ፤ ልክ ናቸው።

ቴርሞስታቱን ከመግጠሜ በፊት በድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አንጠልጥዬ አሞቅኩት። ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ውስጥ መከፈት መጀመር አለበት፤ 82 አካባቢ ጀመረ። መመሪያዎች በ95 ዲግሪ 8 ሚሊ ሜትር መከፈቱን አረጋግጡ ይላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት 95 ዲግሪ አይደረስም፣ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ እዚህ የሚታየው መጀመሪያው ነው፣ ሙሉ መከፈቱ ሳይሆን። አሮጌው ግን ውሃው እየፈላ እንኳን እንደ አዲሱ አልተከፈተም።

ሐሙስ፣ ሙሌት

ሞተሩን በንጹሕ ውሃ፣ ሂተሩ ሙቅ ላይ ሆኖ፣ የሚወርደው እስኪጠራ ድረስ አጠብኩ። ሙሌቱ ላይ አንድ ስሌት አለ። ሲስተሙ የሚይዘው 5 ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ ነገር ግን ታጥቦ ሲወርድ ብሎኩ ውስጥ ውሃ ይቀራል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ከላይ ብጨምር ከቀረው ውሃ ጋር ተደባልቆ ይቀጥናል። ስለዚህ ያልተቀላቀለውን ኩላንት 2 ሊትር ከሦስት ሩብ ቀድሜ አስገባሁ፣ የቀረውን ቦታ በተጣራ ውሃ ሞላሁ። የተጣራ ውሃ ማለት ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ነው፤ አጠገቡ የሚቀመጠው የባትሪ አሲድ ሌላ ስለሆነ ጽሑፉ ተነቦ ይገዛ። ቀለምም አያታልል። ቀይም አረንጓዴም የተባለ ቀለም የተቀባ ውሃ ገበያ ውስጥ አለ፤ መጠኑን በኩላንት መለኪያ አይቶ ማረጋገጥ ይሻላል።

አየሩን ለማስወጣት መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ዳገት አድርጌ አቆምኳት። ክዳኑ ክፍት፣ ሂተሩ ሙሉ ሙቅ፣ ሞተሩ በዝቅታ። የታችኛውን ማኒኮቶ በጓንት ጨመቅ ለቀቅ ሳደርግ አረፋ ይወጣል፣ ውሃው ይወርዳል፣ እጨምራለሁ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የውሃው ደረጃ ድንገት ይወርዳል፣ የታችኛው ቱቦም ይሞቃል። ሂተሩ ያለማቋረጥ ትኩስ አየር ሲሰጥ አየሩ ወጥቷል። ክዳኑ ተዘጋ፤ ፋኑ ተነሳ፣ ጠፋ፣ ተነሳ።

አርብ ማለዳ፣ 12 ሰዓት ተኩል

የታኅሣሥ ብርድ ነው። ከመኪናዋ ሥር፣ ወደ ኋላ ተጠግቶ፣ አዲስ ጠብታ አለ። ከዚህ በፊት እዚህ ቦታ ጠብታ አልነበረም።

ምክንያቱን ሳስበው ግልጽ ነው። የድሮው ክዳን በ0.3 ስለሚለቅ ሲስተሙ ሲነዳ በሙሉ ግፊት ተጭኖ አያውቅም ነበር፤ የቅዳሜው ሙከራ ግፊትም ሌሊቱን በፓምፑ በኩል ወርዷል። አሁን 0.9 ይይዛል። ደካማው ቦታ ራሱን ገለጠ። መስተዋቱን አስገብቼ ሳይ ወደ ሂተሩ የሚገባው ቱቦ የሽቦ ፋሸታው ስር ረጥቧል። ፋሸታው በዕድሜ ኃይሉን አጥቷል፤ ጎማው በብርድ ሲኮማተር ያንጠባጥባል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ጎማው ይሰፋና ይዘጋል። ስለዚህ ማታ ያየ ሰው ምንም አያገኝም። ብርድ ላይ ብቻ የሚያፈስ ነገር በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው የሚታየው።

የሂተሩ ሁለቱም ቱቦዎች ተቀየሩ፣ በብሎን የሚጠብቅ ፋሸታ ታሠረባቸው። የጋሼን መሞከሪያ መልሼ ገጠምኩና 0.9 ላይ አቆምኩት። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ቀስቱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

እሑድ፣ እንጦጦ

ከሽሮ ሜዳ እስከ ላይ፣ ሦስት ሰው ጭና፣ በሁለተኛ ማርሽ። መለኪያው መሃል ላይ። ላይ ስንደርስ ቆመን ጠበቅን፣ ጠርሙሱ አልተንተከተከም፣ ፋኑ ሥራውን ሠርቶ ጠፋ። ወደ ቤት ተመልሳ ከቀዘቀዘች በኋላ ሪዘርቩ ላይ የለጠፍኩት ምልክት ላይ ነው ያለችው፤ አዲሱ ክዳን ሲሞቅ የወጣውን ውሃ ሲቀዘቅዝ መልሶ ወስዷል።

የቀረው የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ነው። ዛሬ ይዟል፤ ነገር ግን አሁን የሚሸከመው ግፊት ከድሮው ሦስት እጥፍ ነው፣ ዕድሜውም ታይቷል። ከዓባይ በረሃው በፊት ይቀየራል፣ ጋሼም በመዳብ የተሠራ አንድ እንደሚያፈላልጉልኝ ቃል ገብተዋል።